ካልሲውን ያወለቀ አልነበረም

ለቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቶች፣ ፈቃድ ለሚሰጧቸውና ለሚቆጣጠሯቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። የምንለውን በአብዛኛው ይረዳል፣ በዓይኑ ይከተለናል፣ ግን «እዚህ ጋ ያመኛል» የሚልበት ቃል የለውም። ከሆስፒታል ሲወጣ እኔም እህቴም ሥራ ላይ ስለምንውል አንድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ጋር ተዋዋልን። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ አስታማሚ ይመጣል። ማታ ስንገባ ታጥቦ፣ ዳይፐሩ ተቀይሮ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ እናገኘዋለን። ራስጌው ላይ የተፈረመ ቅጽ ይጠብቀናል። እኛም ያንን ቅጽ እያየን እፎይ ብለን እንተኛለን።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት መጨረሻ፣ አንድ ምሽት፣ የእግር ጥፍሩን ልቆርጥለት ካልሲውን አወለቅሁ። የቀኝ እግሩ ተረከዝ እንደ ከሰል ጠቁሮ ደርቋል። መጀመሪያ እድፍ መስሎኝ በእርጥብ ፎጣ ጠረግሁት። አልለቀቀም። ደግሜ ልጠርገው ስል አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድርጅቱ ዋናውን ወስዶ ለቤተሰብ የሚተወውን የቅጽ ግልባጭ በሙሉ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኩት። 154 ጉብኝት፣ 154 ፊርማ። ታጥበዋል፦ አዎ። ተመግበዋል፦ አዎ። መድኃኒት ወስደዋል፦ አዎ። አጠቃላይ ሁኔታ፦ ደህና። ስለ ቆዳ የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። በስድስተኛው ሳምንት ግን በአንዱ ቅጽ ጠርዝ ላይ፣ ከሣጥኖቹ ውጭ፣ በደቃቅ ጽሑፍ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «የቀኝ ተረከዝ ጠቆር ብሏል፣ ይሞቃል። ነርስ ትየው።» በማግስቱ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የሌላ ሰው ነው። መስመሯን የጻፈው ሰው ስም ከዚያ ወዲህ አይታይም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት መስመር ነው። ድርጅቱን በስም ለማንሳት አልፈለግሁም። ከእሱ በፊት የሞከርነውም፣ ከእሱ በኋላ ያነጋገርናቸው ሦስቱም የሚሠሩት በዚያው ዓይነት ቅጽ ነበር፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጥፋት ቢሆን ኖሮ ውሉን አፍርሼ ዝም እል ነበር።

የአልጋ ቁስል ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። ሰው ራሱን ማዞር ሲያቅተው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። የሚወጣባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የጭንቅላት ጀርባ። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተከፈተም፤ የቀላ፣ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ ብቻ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያለው የዘርፉ ብሔራዊ አማካሪ ቡድን «የግፊት ቁስል» የሚለውን ስያሜ ወደ «የግፊት ጉዳት» የቀየረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቆዳው ሳይቆስልም ጉዳቱ አለ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ በእጅ ይፈለጋል፦ ከአካባቢው የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ ሲነኩት የሚያም። ያቺ አስታማሚ «ይሞቃል» ብላ የጻፈችው በእጇ ስለዳሰሰችው ነው። ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። በዚያ ሰዓት ነርስ መጥታ ብታየው ኖሮ መፍትሔው አንድ ትራስ ነበር።

ትራስ ስል የምሬን ነው። በኋላ የመጣችው የቁስል ነርስ ትራሱን ከባቱ ሥር በቁመት አስገብታ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አደረገችው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ወገቡን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ መነሻ እንደሆነ፣ እንደ ሰውየው ቆዳና እንደ ፍራሹ ሊጠብቅም ሊላላም እንደሚችል፣ በጎን ሲተኛ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ጋደል እንዲል አሳየችን። የቀላውን ቦታ ማሸት እንደሚጎዳ፣ እኛ «ይጠቅመዋል» ብለን የገዛነው መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ መቀመጫም ግፊቱን ጠርዙ ላይ እንደሚያከማች ነገረችን። ተረከዙ ላይ የተጋገረው ጥቁር ቅርፊት ደረቅና የማይነቃነቅ እስከሆነ ድረስ እንዳይነካ፣ ከሥሩ መግል ወይም ሽታ ከመጣ ግን በዚያው ቀን እንድንደውል አስጠነቀቀችን። ይህን ሁሉ ከ154 ጉብኝት በኋላ ሰማነው።

አስታማሚዋን ፈልጌ አገኘኋት። ስሟንም፣ አሁን ያለችበትንም አልጽፍም፤ እንጀራዋ ነው። የነገረችኝ አጭር ነው። ቅጹን ያየው አስተባባሪ ደውሎ «ከሣጥኑ ውጭ አትጻፊ፣ ቤተሰብ ያስደነግጣል» አላት። «አባባ እግራቸውን ሲነኩ ያማቸዋል እኮ» ብላ ስትመልስ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽም ተባለች። በማግስቱ ሌላ ቤት ተመደበች። ለእኛ ቀጥታ ያልተናገረችው ውሏ ከደንበኛ ጋር ስለ አገልግሎቱ መነጋገርን ስለሚከለክል ነው። ይህን ስትነግረኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት እሷ አልነበረችም። ሰዎች ስለ መጥፎ እንክብካቤ ሲያወሩ ቶሎ የሚወቀሰው አስታማሚ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ያየችው እሷ ናት፣ የጻፈችው እሷ ናት፣ የተቀጣችውም እሷ ናት።

ይህ ለምን ሊሆን ቻለ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ይመልሰኛል። ሆስፒታል ውስጥ ምስክር ይበዛል። የጎረቤት አልጋ ታማሚ አለ፣ የእሱ አስታማሚ አለ፣ ፈረቃ የሚረከብ ነርስ አለ፣ ጠዋት ዙር የሚዞር ሐኪም አለ። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ቤት ውስጥ በሩ ሲዘጋ ሁለት ሰው ይቀራል፤ አንደኛው መናገር ካልቻለ ደግሞ አንድ። እናንተ ግን ቤቱን የምትቆጣጠሩት ሆስፒታሉን በምትቆጣጠሩበት መንገድ ነው፦ ወደ ቢሮ ትሄዳላችሁ፣ ፋይል ትከፍታላችሁ፣ ፈቃዱ መታደሱን፣ የሠራተኛው የምስክር ወረቀት መኖሩን፣ ቅጹ መሞላቱን ታያላችሁ። የአባቴ ፋይል ቢከፈት እንከን አይገኝበትም ነበር። ተረከዙ ሲጠቁር ፋይሉ ነጭ ነበር።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ድርጅቶች አስታማሚው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በስልክ ይመዘግባሉ። አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በመንግሥት የጤና ሽፋን የሚከፈልበት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጉብኝት በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ አዝዛለች። ያልተሄደበትን ቤት ተሄደ ብሎ ገንዘብ የሚቀበለውን ለመያዝ ይጠቅማል፣ አልቃወምም። ግን አስታማሚው ቤቱ ውስጥ መገኘቱን እንጂ ካልሲውን ማውለቁን አይናገርም። በእኛ ቤት የቀረ ጉብኝት አልነበረም። ሁሉም በሰዓቱ ገብተዋል፣ በሰዓቱ ወጥተዋል።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ።

ለአባቴ የተመደበው ጉብኝት 30 ደቂቃ ይባላል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚኬድበት ጊዜ ስለማይከፈል በተግባር 20 ደቂቃ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ዳይፐር መቀየርና መታጠብ፣ ጎኑ ለማይታዘዝ ሰው፣ በአንድ አስታማሚ፣ ሳይቻኮሉ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አንዱን ጉርሻ መዋጡ ታይቶ ነው ሌላው የሚሰጠው። ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባና የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። አስታማሚው ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ቤት መገኘት አለበት። ስለዚህ አብልቶ ያስተኛዋል። ምን ያድርግ? ቢቆይ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ቢሄድ አባቴ ያስለዋል። ይህን ምርጫ የፈጠረው የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ የጊዜ ሰሌዳውን ያጸደቀው ደግሞ ፈቃድ ሰጪው ነው።

ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤት እንክብካቤ መመሪያ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጉብኝት የሚፈቀደው አስታማሚው በታማሚው ዘንድ የሚታወቅ ሲሆን፣ ጉብኝቱ የሰፋ እንክብካቤ አካል ሲሆን፣ ለተወሰነው ሥራም ጊዜው ሲበቃ ብቻ ነው ይላል። መመሪያውን ከዚያ እንድትገለብጡ አይደለም የምለው። ከሦስቱ ነጥቦች የመጀመሪያውን እንድታዩልኝ ነው፦ በታማሚው ዘንድ የሚታወቅ። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ የአባቴን ሰውነት ያጠቡ የተለያዩ እጆች 17 ናቸው። ከፊርማዎቹ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ሰው ከሆነ ትናንት ተረከዙ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ የለም። እያንዳንዱ ያገኘውን ነገር ድሮም የነበረ ይመስለዋል። ታማሚው በድንገት ሲደነዝዝ ወይም ሲቃዥ፣ ምናልባት በሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ምክንያት፣ የማያውቀው ሰው «የመርሳት በሽታ አለበት መሰለኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያውቀው ግን «ትናንት እንዲህ አልነበረም» ይላል። ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህን የሚለው ደግሞ ደጋግሞ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቡርትዞርግ የተባለው የቤት ነርሶች ድርጅት ቢበዛ 12 አባላት ባሏቸው ትንንሽ ቡድኖች ይሠራል። ቡድኑ በአንድ ሰፈር ያሉ ታማሚዎችን ይይዛል፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል። ሀገሩ ሀብታም ነው፣ ከነርሶቹም ብዙዎቹ በዲግሪ የሠለጠኑ ናቸው፤ እንዳለ ይቀዳ ማለት አይቻልም። ያንኑ ሰው ወደዚያው ቤት መመደብ ግን የሀብት ጉዳይ አይደለም። የምደባ ጉዳይ ነው፣ ምደባውን የሚሠራው ሰው የሚጠየቅበት ነገር ሊሆን ይችላል። ድርጅቶቹ በወር ለአንድ ታማሚ ስንት የተለያየ ሰው እንደላኩ ቢጠየቁ በአንድ ቀን ማወቅ ይችላሉ። የጠየቃቸው የለም።

መድኃኒቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ እዚያም ለጥቂት ተርፈናል። አባቴ ከሆስፒታል የወጣው የደም ግፊት መድኃኒት ታዞለት ነው። ቤት ደግሞ ከስትሮኩ በፊት የሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ሁለቱም አምሎዲፒን ናቸው። የአምራቾቹ የንግድ ስም ስለሚለያይ፣ ሣጥኖቹም በቀለም ስለማይመሳሰሉ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጠ። እግሩ አበጠ፣ ሲያስቀምጡት ራሱን ይስታል። የደረሰችበት አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ እህቴ ሌላ ነገር ልትገዛ ሄዳ ሁለቱን ሣጥኖች ስታሳያት። ቅጹ ላይ «መድኃኒት ወስደዋል፦ አዎ» ይላል፤ ውሸት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ቅድሚያ ከሰጣቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ታማሚ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ወደ ቤት መግባት ማለት ያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት የአስታማሚ ሳይሆን የነርስ ይሁን፤ ነርሷም ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን ጭምር፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር በንጥረ ነገር ስም ታመሳክር። ከዚያ በኋላ አንድ ዝርዝር ብቻ ይኑር። ኢንሱሊንና የደም ማቅጠኛ በሚወስዱ ሰዎች ዘንድ ይህ ቀርቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሳይበላ የተሰጠ ኢንሱሊን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጓንት፣ ያገለገለ መርፌን ክዳኑን ሳይመልሱ በማይበሳ ዕቃ ውስጥ ስለመጣል ሁላችሁም መመሪያ አላችሁ፤ መመሪያዎቹም ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጓንቱንና ሳኒታይዘሩን የሚያቀርበው ማን ነው? በእኛ ውል ላይ አልተጻፈም። ድርጅቱ ቤተሰብ ያመጣል ብሎ ያስባል፣ ቤተሰብ ድርጅቱ ያመጣል ብሎ ያስባል፣ አስታማሚዋ በአንድ ጓንት ሁለት ቤት ትሠራለች።

አሁን እኔን ራሴን ወደሚመለከተው ልምጣ። ደኅንነት ስንል የታማሚውን ብቻ እናስባለን። አባቴ 78 ኪሎ ይመዝናል። በአሜሪካ የሙያ ደኅንነት ተመራማሪዎች ዘንድ አንድ ሰው ታማሚን በእጁ ሲያነሳ፣ ሁኔታው ምቹ ሆኖ እንኳ፣ ከ16 ኪሎ ገደማ በላይ መሸከም እንደሌለበት ይመከራል። እኛ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንድታወርደው እንጠብቅ ነበር፤ ስታለከልክ እያየን «ጎበዝ» እንላት ነበር። የማንሸራተቻ ጨርቅ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው በኋላ ነው፤ የአልጋውን ቁመት ከፍ ማድረግ እንኳ ወገብ እንደሚያተርፍ አላሰብንም። ከዚህም የባሰ አለ። አስታማሚዎች ብቻቸውን በማያውቁት ሰው ቤት ይገባሉ። የሚሰድባቸው፣ የሚጎነትላቸው፣ የቤት ሥራውን ሁሉ የሚጭንባቸው፣ ዕቃ ሲጠፋ ቀድሞ እነሱን የሚጠረጥር ቤተሰብ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ጥቃትና ትንኮሳ 190ኛውን ስምምነት ሲያጸድቅ የግል ቤትም የሥራ ቦታ መሆኑን ተቀብሏል። ድርጅቶቹ ግን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» በሚል አስታማሚውን ይቀይራሉ እንጂ ደንበኛውን አይገሥጹም። አስታማሚ አደጋ የሚያይበትን ቤት «አልገባም» የማለት መብት በውሉ ላይ ይጻፍለት፤ ለእኛ ለቤተሰቦችም ግዴታችን ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይነበብልን። ቢነበብልኝ ኖሮ አፍሬ አርም ነበር።

በተቃራኒው ያለውንም አልደብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ስድስት ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥቃት ወይም በደል ይደርስበታል። አድራጊው አንዳንዴ ተቀጣሪ ነው፣ አንዳንዴ የገዛ ልጅ። መናገር የማይችል ሰው የሚናገረው በሰውነቱ ነው፦ አንድ የተወሰነ ሰው ሲገባ የሚኮማተር፣ ክንዱ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰምበር የሚታይበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ። ይህን ያየ ሰው፣ አስታማሚም ቢሆን ጎረቤትም ቢሆን፣ ለማን ይደውል? ዛሬ ያለው ቁጥር የድርጅቱ ነው። የተጠረጠረው ራሱ ስልኩን ያነሳል ማለት ነው። ከድርጅቱ ነጻ የሆነ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የሆነ፣ በእያንዳንዱ ታማሚ ራስጌ በትልቁ የሚለጠፍ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። ማታና ቅዳሜና እሁድም የሚያነሳው ሰው ይኑር፤ የአባቴን ተረከዝ ያየሁት በሥራ ሰዓት አልነበረም።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር።

ከሁሉ በፊት ደብተር። ቅጽ አላልኩም። በታማሚው ቤት የሚቀር፣ የታማሚውና የቤተሰቡ ንብረት የሆነ፣ ማንም እንዳይወስደው የተሰፋና ገጹ የተቆጠረ ደብተር። እዚያ ላይ አስታማሚ ያየውን በራሱ ቃል ይጽፋል፣ ቤተሰብ ማታ ይጨምርበታል፣ ነርስ ስትመጣ ታነበዋለች፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ይከፍታል። ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ያላየውንም ሰው አየ ያሰኛል፤ በራሱ ቃል የሚጽፍ ሰው ግን ማየት ግድ ይሆንበታል። በደብተሩ ላይ ስለጻፈ ማንም አስታማሚ እንዳይነሳ፣ እንዳይቀየር፣ ደመወዙ እንዳይነካ የሚከላከል ደንብ አውጡ። ያለዚህ ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያው ከንቱ ነው፤ ከእንግዲህ በጠርዝም የሚጽፍ አይገኝም።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ከቢሮ ወደ ቤት ይምጡ። ሁሉም ቤት መግባት እንደማይቻል አውቃለሁ። በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቤቶች፣ ለድርጅቱ ሳይነገር፣ በታማሚው ወይም በቤተሰቡ ፈቃድ፣ የጤና ባለሙያ የሆነ ሰው ገብቶ ተረከዝና ወገብ ይይ፣ የመድኃኒት ሣጥን ይክፈት፣ አስታማሚውን ብቻውን ያነጋግር። አንድ እንዲህ ያለ ጉብኝት ከመቶ ፋይል ይበልጣል።

ከዚያም ቁጥሮቹ ለሕዝብ ይውጡ፦ በእንክብካቤ ላይ እያሉ የወጡ የአልጋ ቁስሎች፣ የመውደቅ አደጋዎች፣ የመድኃኒት ስህተቶች፣ ለአንድ ታማሚ የተመደቡ ሰዎች ብዛት። አንድ በዘርፉ የቆዩ ሰው ይህን ስነግራቸው «ከታተመ ሁሉም ይደብቃል» አሉኝ። ስጋታቸው ውሸት አይደለም። ብዙ ቁስል ያስመዘገበ ድርጅት ምናልባት ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ የሚያይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ለቅጣት አይዋል፤ የሚቀጣው ተቆጣጣሪው በቤት ውስጥ አግኝቶት በደብተሩ ላይ ያልነበረው ይሁን። ማየትን ሳይሆን መደበቅን የሚያስቀጣ ሥርዓት ከሆነ አስተባባሪውም «ከሣጥኑ ውጭ አትጻፊ» ለማለት ምክንያት አይኖረውም።

ለጊዜውም ዝቅተኛ ወሰን አስቀምጡለት፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ሰዓትም ይከፈል። ዋጋ እንደሚጨምር አውቃለሁ። የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ቤተሰብ ብቻውን ይችለው እንደሆነ፣ መንግሥት ድርሻ ይኑረው እንደሆነ ቁጭ ተብሎ ይነገር። አሁንም ቢሆን ዋጋው እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት የአስታማሚዎቹ ወገብና የታማሚዎቹ ገላ ናቸው።

የአባቴ ተረከዝ ለመዝጋት ሰባት ወር ፈጀ። በሰባቱ ወር እኔ ከሥራ ቀረሁ፣ እህቴ ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረች። ዛሬ የሚመጡለት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ በስም ይጠሩታል፣ ሲገቡ በግራ እጁ ሰላም ይላቸዋል። ደብተሩን እኛው ገዝተን ራስጌው ላይ አስቀምጠነዋል። የዛሬ ጠዋት ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱም ተረከዝ ታይቷል፣ ደህና። ወገብ በግራ በኩል ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ወደ ቀኝ አዙሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ የምትመጣው ደግማ ትዳስሰው።» ከሰዓት በኋላ የመጣችው ዳስሳዋለች፤ ከሥሩ «ቀዝቅዟል» ብላ ጽፋለች።

ከመሥሪያ ቤታችሁ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ካለ በማንኛውም ሰዓት ይምጣ። ደብተሩንም፣ የድሮዎቹን 154 ቅጾችም አሳያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ታማሚ ልጅ